ሪባን የታሰረላት መሲና

«እንዴት አደርሽ አክስቴ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ትናንት ያን ሁሉ የወተት ጣሳ ብቻሽን ስታነሺ አይቼ፣ ይቺ ሴትዮ ሥጋ ለባሽ መሆኗን ረሳችው እንዴ ብዬ ነበር። ኧረ ብርዱስ! ሣሩ ጤዛውን እንዳዘለ ነው፤ እግሬ አብሮኝ መምጣቱን ያረጋገጥኩት ወደ ታች አይቼ ነው። ተይ፣ አትነሺ፣ ባልዲውን እኔው ጠረጴዛው ላይ አወጣዋለሁ። አንቺ መለኪያሽን ብቻ ያዢ። እንዲያው እስክትለኪልኝ ዝም ከምንል... የሰማሁትን ላጫውትሽ?»

አጀማመሯ ይኸው ነበር። ክፋት ያለበት ቃል አንድም የለውም።

ተናጋሪዋን የመንደሩ ሰው «ጥጂት» ይላታል፤ ጥጃ ሳይከተላት የታየችበት ቀን የለምና። አክስቷ የወተት ማኅበሩ ለኪ ናት። ጠዋት ጠዋት የመንደሩ ሴቶች ወተታቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ እሷም ውኃ እንዳልገባበት ታያለች፣ ትለካለች፣ ወደ ትልቁ ማቀዝቀዣ ትገለብጣለች። ክፍሉ አንድ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ዘወትር እርጥብ፣ ዘወትር ሳሙና ሳሙና የሚሸት። እኩሌታው በጣውላ ተከልሏል። ጣውላው ጣሪያው ድረስ ስለማይደርስ ከወዲህ የተወራ ከወዲያ ይሰማል፤ ከወዲያ የተማሰለ ሻይም ከወዲህ ይሰማል። ከወዲያ ያለው የማኅበሩ ሰብሳቢ ቢሮ ነው። ሰብሳቢው እጅግ የተከበሩ ሰው ናቸው። ይህንንም ከማንም ቀድመው ያስታወቁት ራሳቸው ናቸው።

ያን ዕለት ከበሩ ውጭ የሥጋ ነጋዴ መኪና ቆሟል። ከመኪናው ጎን አንዲት የጎን አጥንቷ ከሩቅ የሚቆጠር ላም ታስራለች። ያሳደጓት፣ የሚያልቧት፣ ስትታመም አጠገቧ የተቀመጡት ጥጂትና ጓደኞቿ ናቸው፤ በስም ግን የማኅበሩ ናት። ስለዚህ ሰብሳቢው እንድትሸጥ ወሰኑ። ሾፌሩ የሚጠብቀው «ጫን» የምትል አንዲት ቃላቸውን ነው።

ልጆቹ ትናንት ቢሮ ገብተው ፊት ለፊት ተናግረዋል። ሰብሳቢውም በትዕግሥት ካዳመጧቸው በኋላ «ስለ ላም ከመናገራችሁ በፊት ባል አግቡ» ብለው አሰናበቷቸው፤ በዚያውም የማኅበሩን ደንብ አስታወሷቸው። ሰብሳቢን የሰደበ አባል ከነወተቱ ይባረራል።

ጥጂት ደንቡን ስታሰላስለው አደረች። ስድብን ይከለክላል። ስለ ምስጋና ግን አንድም ቃል የለበትም።

«እና አክስቴ፣ አንድ ሩቅ መንደር አለ አሉ። የኛን አላልኩም! እኛ መንደር እንዲህ ያለ ሰው ከየት ተገኝቶ... ዕድላችን ነው? እዚያ መንደር አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ትልቅ ስልሽ በዕድሜ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በወንበርም ነው። ትራስ ያለው ወንበር። ደግነታቸው ደግሞ ለብቻው ነው። ተጠይቆ መምከርማ የተራ ሰው ነገር ነው፤ እሳቸው ሳይጠየቁ ነው የሚመክሩት። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ደጃፍ ወጥተው 'በቀኝ በኩል፣ በቀኝ በኩል!' ይሉታል ይባላል። ...ዝናቡስ? ዝናብማ ምን ያውቃል፤ እንደ ፈለገ ይዘንባል።»

አክስቲቱ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን አንስታ ወተቱን ማየቷን ቀጠለች። ከጣውላው ወዲያ ማንኪያ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ቅጭል ቅጭል ይላል።

«እዚያው መንደር ደግሞ ሥራ የፈቱ ልጃገረዶች አሉ። ምን ዓይነት ልጆች እንደሆኑ ልንገርሽ? አንዲት ከሲታ ላም ይጎትቱና ቤት ለቤት ይዞራሉ። ከሩቅ ላያቸው ቀብር የሚሄዱ ነው የሚመስሉት፤ ሟቿ በእግሯ እየሄደች። በር ያንኳኳሉ። 'እማማ፣ ትንሽ ሙቅ ውኃ ይስጡን' ይላሉ። ግቷን ያጥባሉ፣ በጨርቅ ያደርቃሉ፣ ከዚያ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ያልባሉ። ባልዲው ይሞላል። እመቤቲቱ ባልዲውን ታያለች፣ ላሚቱን ታያለች፣ ደግማ ባልዲውን ታያለች... 'ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው?' ትላለች። እነዚያ ምላሳሞች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? 'ውኃ ከፊቷ አይጠፋም፣ ሣሩ ተከትክቶ ይሰጣታል፤ የበላችውን ደግሞ ለራሷ አታስቀምጥም። አጥንቷ የሚታየው ለዚህ ነው።' አየሽልኝ ድፍረት? የበሉትን ለራስ አለማስቀመጥ እኮ ሁሉም የሚችለው ነገር አይደለም፣ አክስቴ። ትራስ ላይ ተቀምጦ ሲሆን ደግሞ... ጭራሽ።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዷ ሴት ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ሴቶቹም ቂል ሆኑና ልጆቹን ሰሙ። ይቺ ጓሮዋን ለመኖ ለየች፤ ያቺ የውኃ ገንዳ አሠራች። አንዷማ 'ላሚቱ ጥላ የላትም' ብላ ባሏን ከበረንዳው አስነሳችው አሉ! በረንዳው ለላም ዋለ። ባልየውስ እንዳትይኝ... ባልየው አሁን ሣር ያጭዳል። እቤታቸው ሰላም ወርዷል ነው የሚባለው። እኔ እንግዲህ ምን አውቄ፤ ባል የለኝ።»

ማንኪያው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ግን ዳር ዳሩን ይዞ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ሰው ሲያዳምጥ እንደሚያማስለው።

ጥጂት ይህን ልብ አለች። እስካሁን የተናገረችው ለጣውላ ነበር፤ ከአሁን በኋላ የምትናገረው ለሰው ነው። በክፍቱ በር አሻግራ ላሚቱን አየቻት። ላሚቱ የመኪናውን ጎማ ስትልስ ነበር።

«ትልቁ ሰው ልጆቹን አይወዷቸውም እንዳይመስልሽ። ነፍሳቸው ናቸው! ስብሰባ በተጠራ ቁጥር 'እነዚህ አበቦቻችን' እያሉ ነው የሚያነሷቸው። አበቦች። በላምና በአበባ መካከል ምን ዝምድና እንዳለ ግን ልጆቹ አልገባቸውም፤ ላም ያገኘችውን አበባ ስትበላ ነው የሚያውቁት። ...አበቦቹ ንግግሩ እስኪያልቅ ይቆማሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ሄደው እበት ያፍሳሉ። መቼም እበት የሚያፍስ አበባ ያለው መንደር እዚያ ብቻ ነው።

«ታዲያ አንድ ቀን የልጆቹ ሥራ ተሰማና ሊያዩ እንግዶች መጡ። ትልቁ ሰው ልጆቹን ማድከም አልፈለጉም። ለእንግዳ የምትቀርበውን ላም ራሳቸው ሊመርጡ ወጡ። ጫማቸውን አስጠርገው! ልጆቹ ከሲታዋን ቢያቀርቡላቸው አፈሩ፤ ጨዋ ሰው አጥንት አውጥቶ ለእንግዳ ያሳያል? በረት ለበረት ዞረው፣ ዞረው... አንዲት አገኙ። እንዴት ያለች መሰለሽ! ጀርባዋ ቢተኙበት አልጋ፣ ቆዳዋ ቢላጩበት መስታወት፤ ስትራመድ መሬቱ 'ቀስ ይበሉ እሜቴ' የሚላት። አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩላት። በገዛ እጃቸው። ልጆቹ 'ኧረ ጋሼ፣ ይቺ እኮ መሲና ናት፤ ወልዳም ታልባም አታውቅም፤ የበላችው ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነው የቀረው' ቢሏቸው፣ 'ምቀኝነት አያምርባችሁም' ብለው ገሠጿቸው። እውነት አላቸው። ላም ለመታለብ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረችው? ለመታየትስ? ድሮ 'ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ' ያለውን ሰው ምስኪን ነው ብለን ስንስቅበት ኖርን... ለካ የጎደለው ሪባን ብቻ ነው!

«እንግዲህ ከእንግዶቹ አንዱ እጅጌውን ሰበሰበና 'እስቲ እኔ ልለባት' አለ። የእንግዳ ነገር፣ አያርፍም። ተንበረከከ። እጁን ወዲህ ሰደደ። ወዲያ ሰደደ። ...ቁልፍ የወደቀበት ሰው ነው የሚመስል አሉ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ ይል ነበር፤ ትልቅ ሰው ግን ትልቅ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ 'ዓይን አፋር ናት፤ እንግዳ ፊት አታወጣውም' አሉ።

«...እንግዶቹ አጨበጨቡ። አስተዳደጓን አደነቁላቸው።»

የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ ብሎ መመስከር አይቻልም፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ትከሻቸው ግን እንደሚናጥ ወተት ሲወዛወዝ ታይቷል።

ከጣውላው ወዲያ ሳል መጣ። ደረቅ ሳል፣ ስብሰባ የሚከፈትበት ዓይነት። ወዲያው ሾፌሩ በበሩ ብቅ አለ፤ ሳሉ የተጠራበት መስሎት ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ጣውላው ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ፣ ከዚያ የሚያየውን ስላጣ ወደ ጣሪያው።

ሰብሳቢው አሁን ያቺን አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ሁሉም ነገር አከተመ፤ ላሚቱ መኪናው ላይ ናት። ጥጂት አክስቷን አየቻት። አክስቲቱ ቀና አላለችም፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን በእግሯ በርጩማ እየገፋች ወደ ጥጂት አስጠጋችላት። ጥጂትም ተቀመጠች። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወሬው ገና ነው።

«ከዚያ በኋላማ ጥፋተኛዋ ማን ሆነች ብትይ... ከሲታዋ! ያቺ ባለጌ ጥግ ታስራ ሳለች የመታለቢያ ሰዓቷ ደረሰ። ግቷ ሞልቶ፣ እንግዳ አለ የለም ሳትል፣ ወተቱ በራሱ ጊዜ ይንጠባጠብ ጀመር። የአንዱን እንግዳ ጫማ አበላሸችበት። እንግዳውም 'ይቺስ?' ብሎ ጠየቀ። ትልቁ ሰው 'እሷን ተዋት፣ በሽተኛ ናት' አሉ። ምን ይበሉ ታዲያ? ወተት የሚፈሳት ላም ጤነኛ ናት ብለው ሪባኗን ያሳጧት?

«ማግስቱን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም አዋቂዎች። መንደር ያዋረደች ላም ለሥጋ ትሸጥና በምትኳ ሌላ ወፍራም ትገዛ፤ ሪባኗ ብቻዋን እንዳይከፋት ተባለ። እጅ አወጡ። አንዱ እጁን ያወጣው ዝንብ ሊያባርር ነበር አሉ፤ እሱም ተቆጠረለት። የሥጋ ነጋዴው ሰው ራሱ መጥቶ ቢያያት ግራ ገብቶት፣ 'ጌታዬ፣ ሥጋው ያለው እኮ እዚያኛዋ ላይ ነው' አላቸው ይባላል። ይሄ ነጋዴ የሚሉት ነገር የማይገባው!»

በሩ ላይ የቆመው ሾፌር ሳያስበው ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

ጥጂት መቀለዷን ልትቀጥል ፈለገች። የሚቀጥለው ነገር ግን ቀልድ ሆኖ አልወጣላትም። ድምጿ ሰለለ።

«እኔን የሚያሳዝኑኝ እነዚያ ልጆች ናቸው፣ አክስቴ። ገና ያልተንኳኳ በር ሞልቷል። ከወንዝ ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ 'ደጄ ላይ አልባችሁ ካሳያችሁኝ እኔም ላም እይዛለሁ፣ ልጆቼም ወተት ይጠጣሉ' ብላ ቃል አስገብታቸው እየጠበቀች ነው። ምን ይዘው ይሂዱላት? አፋቸውን? አፍማ መንደሩ ሞልቶታል። ሰው በወሬ ላም አይይዝም፤ ባልዲው ሲሞላ ማየት አለበት። ወይስ ሪባኗን ይጎትቱና 'እማማ፣ እሷ ዓይን አፋር ስለሆነች ፊትዎን ያዙሩላት' ይበሏት?»

ከሰልፉ ማንም አልሳቀም። ከነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ ላም የያዙት ያቺው ከሲታ ደጃቸው ላይ ስትታለብ አይተው ነው።

ጥጂት አፍንጫዋን ጠረገች። ስትቀጥል ድምጿ እንደገና ማር ሆኖ ነበር።

«አይ፣ ይቅር፣ ምን አስለቀሰኝ በሰው መንደር? ብቻ አንድ ነገር ይገርመኛል። ያ ትልቅ ሰው ሻይ በወተት ካልሆነ ጉሮሯቸው አይቀበልም አሉ። ታዲያ ያ ወተት ጠዋት ጠዋት ከማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ...ከሪባኗ እንዳትይኝ! ዛሬም እኮ ከመኪናው ጎን ታስራ ሳለች ነው ያለቧት። እነዚያ ሞኞች፣ ለሥጋ የምትሄድ ላም አልበው የመጨረሻውን ወተት ለእሳቸው ሻይ ላኩላቸው። 'ይጣፍጣቸው' ብለው! አሁን ይኼኔ እያማሰሉት ነው... ነገ ደግሞ ሐሳብ አይግባቸው። ሪባኗ አለች። ወተቱ እንኳ እምቢ ቢል ሪባኑን ሻይ ውስጥ ዘፍዘፍ ማድረግ ነው። ቀለሙ እንደሁ ያምራል።»

ማንኪያው ዝም አለ።

ወንበር ተንሻተተ። ሰብሳቢው ከጣውላው ጎን ወጥተው ቆሙ። ኮታቸው ተቆልፏል፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ ጢማቸው ጫፍ ላይ የሻይ ጠብታ አለች።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይላሉ። የሰብሳቢው ችግር ከላሚቱ ይብስ ነበር። «ማንን ነው የምትናገሪው?» ቢሉ፣ ሩቁ መንደር በአንዴ ቅርብ ይሆናል። «ሰድበሽኛል» ቢሉ፣ የትኛው ቃል ስድብ እንደሆነ በጉባኤ ፊት ማስረዳት ሊኖርባቸው ነው፤ ከእንግዳው መንበርከክ ጀምሮ። ዝም ብለው «ጫን» ቢሉ ደግሞ፣ ያ የሩቅ መንደር ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። አንድ መንገድ ብቻ ቀረላቸው፤ ያ ሰው ፈጽሞ የማያደርገውን ማድረግ።

ማንንም ሳያዩ በሴቶቹ መካከል አልፈው ወጡ። ሾፌሩን ዝንብ እንደሚያባርሩ በመዳፋቸው ወደ መኪናው መለሱት። ከዚያ የላሚቱን ገመድ በገዛ እጃቸው ፈቱ።

የተከበሩ ሰው መሆናቸው እንዳለ ሆኖ፣ ላም ይዘው አያውቁም ነበርና ላም ይዞ የማያውቅ ሰው የሚሠራትን ስህተት ሠሩ። ገመዱ እንዳያመልጣቸው እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ላሚቱ ከነጋ ውኃ አልቀመሰችም፤ ገንዳው ደግሞ ከግቢው ማዶ ነው። ሄደች። ሰብሳቢውም ሄዱ። መሩ ማለት ይከብዳል፤ አጀቡ ማለት ይሻላል። መጀመሪያ በፈጣን እርምጃ፣ ቀጥሎ በሩጫ፣ ጭቃው ጋ ሲደርሱ ደግሞ በሌላ ስም በሌለው አካሄድ። ላሚቱ ጠጥታ እስክትረካ አጠገቧ ቆሙ፤ ምርጫ አልነበራቸውም።

ሴቶቹ በበሩ ተደራርበው ያዩ ነበር። ሾፌሩ ባዶ መኪናውን አስነስቶ፣ በሪባኗ በረት በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አየት አደረጋት፣ በቁጭት ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሰብሳቢው እጃቸው ከገመዱ ተላቆ ሲመለሱ ጫማቸው ጫማ አይመስልም። ግርማቸው ግን አልተነካም። በሩ ላይ ቆመው፣ ገና ሥራ እንደቀራቸው ሰው ኮታቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውንም አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አጠፉ። የወተት ጣሳዎቹን አዩ። መለኪያውን አዩ። ለእርዳታ የተዘጋጁ መሆናቸውን ሁሉም ተረዳ። አክስቲቱ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ ጀርባዋ ኋላ ደበቀች።

ጥጂት ወደ እሳቸው አልዞረችም። ባዶ ባልዲዋን አንስታ አክስቷን ጉንጯን ሳመቻት።

«በይ አክስቴ፣ ልሂድ። ከወንዝ ማዶ የምትጠብቀኝ ሴት አለች። ግን ያን የሩቅ መንደር ሰው እንዲህ አምተናቸው ሳንመርቃቸው ብንለያይ ነውር ነው፤ መጨረሻ ላይ ላሚቱን ለቀቋት ነው የሚባለው። እስቲ እናንተም አሜን በሉ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ወንበራቸውን ያጽናላቸው። ትራሱን ያለስልስላቸው...»

ሴቶቹ አሜን አሉ። ሰብሳቢውም፣ በሌላ ሰው ምርቃት ላይ አሜን አለማለት የሚያስጠረጥር ሆኖ ስላገኙት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

«...ሻያቸውን አያቀዝቅዝባቸው። ብቻ፣ አደራውን፣ ከተቀመጡበት አያንሳቸው። ተነስተው 'ልርዳችሁ' ያሉ ዕለት ነው እነዚያ ልጆች ያለቀላቸው።»